አዛዡ መታጠቢያ ቤት ሲገባ

የእህቴን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ሪዞ» ይለዋል፤ ሪዙ ጉንጩን አልፎ ጆሮው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ደሴታችን ላይ ካሉት ሁለት ቧንቧ ሠራተኞች ሥራ የሚችለው እሱ ነው። ሌላኛው ያበላሸውን ሲጠግን ይውላል።

የቱሪዝም ቢሮው ኃላፊ ግን ሪዙን እንጂ ሙያውን አላየም። ድሮ ወራሪን ከወደብ የመለሰ አንድ ሪዛም አዛዥ ነበረን። ደሴቲቱን በእሱ ስም እናስተዋውቅ ተባለና ከካናቴራ እስከ ውኃ ጠርሙስ ሁሉም ነገር ላይ «ያልተንበረከከች ደሴት» ተብሎ ታተመ። አዛዡን መስሎ ምሽጉ ላይ የሚቆም ሰው ሲፈለግ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ሪዞ የቢሮውን ሽንት ቤት ሊሠራ መሣሪያውን ተሸክሞ ገባ። ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ተገኘ!»

እህቴ ቀዩን ካፖርት ስታለብሰው ሳቅ ሊገድላት ነበር። «ሽማግሌ ስትልክ እንዲህ ለብሰህ ብትመጣ፣ ሦስት ጊዜ ባልመለስኩህ!» አለችው።

የመጀመሪያዋ የእንግዶች መርከብ የመጣች ዕለት፣ እኔ ከምሽጉ ሥር ባለው እንግዳ ማረፊያ አንሶላ እያነጠፍኩ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ፈነዳ። ውኃው የሰው ነጠላ ጫማ እየነዳ በደረጃው ቁልቁል ተንደረደረ። እኔም ወደ ምሽጉ ሽቅብ።

ሪዞ ሰባ ቱሪስት ፊት ጎራዴውን መዞ «እስከ መጨረሻዋ ጠብታ…» እያለ ነበር።

«ሪዞ! ሁለተኛ ፎቅ ፈነዳ!»

ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። «ዋናውን መዝጊያ ዘጋሽው?»

«እጀታው እጄ ላይ ቀረ!» ብዬ አሳየሁት።

ኃላፊው መሐላችን ገባ። «አዛዡ ከምሽጉ አይወርድም! ታሪክ ነው!»

«ታሪኩ ይቆየናል፤ ጣሪያው ግን አይቆይም» አለና ሪዞ ቁልቁል ተፈተለከ። ቱሪስቶቹ ትርኢቱ የቀጠለ መስሏቸው ከኋላው ግር አሉ።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሪዞ ከነካፖርቱ ተንበረከከ፤ ጎራዴው በር ላይ ተጋድሞ መግቢያ ዘጋ። የቱሪስቶቹ ካሜራ ተንጣጣ። ኃላፊው እያለከለከ ደረሰ።

«ተነሣ! በፈጠረህ አትንበርከክ!»

«ቆሜ እንዴት ልሥራው ጌታዬ? ቧንቧው እኮ ወለሉ ላይ ነው!»

ይኼኔ አንዲት ፀጉራቸው የነጣ እንግዳ ሴትዮ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ገቡ፣ ቦርሳቸውን ለኃላፊው አስይዘው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከሪዞ ጎን ተንበረከኩ። መፍቻውን ከእጁ ነጥቀው በሌላ በኩል አዞሩት። ሪዞ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ አጨባበጣቸውን ሲያይ መልሶ ከደነው። የቱሪስቶቹ አስተርጓሚ ጠይቃ ነገረችን፤ ሴትዮዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ቧንቧ ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት።

አንድ ቃል ሳይግባቡ እሱ ሲይዝ እሳቸው ሲያጠብቁ፣ ውኃው ለመጨረሻ ጊዜ ተፈናጥሮ ኃላፊውን ከግንባሩ እስከ ወገቡ አጠበውና ቀጥ አለ። መጀመሪያ ያመለጠው የራሱ የኃላፊው ሳቅ ነው፤ ከዚያማ ማን ማንን ያቁም፣ ግድግዳ ይዤ ተቀመጥኩ።

ወሬውን ሰምታ የደረሰችው እህቴ ሴትዮዋን «ምሳ ሳይበሉ የትም አይሄዱም» ብላ እጃቸውን ይዛ ቤቷ ወሰደቻቸው። ማዕድ ላይ ሪዞና ሴትዮዋ መፍቻ የላጣቸውን ጣቶቻቸውን እያወዳደሩ ሲስቁ፣ ኃላፊው ልብሱን ቀይሮ በሩን አንኳኳ።

«ነገም መርከብ አለ» አለ አንገቱን ደፋ አድርጎ። «እንግዶቹ… አዛዡ ቧንቧ ይሠራል ወይ ብለው እየጠየቁ ነው።»

ሪዞ ጉርሻውን እስኪውጥ አስጠበቀው።

«ጠዋት የዳቦ ቤቱ ፍሳሽ አለብኝ» አለ። «ጀግንነቱ ከሰዓት ይሁንልኝ።»