የዋፊቃ የህልም ደብተር

ሉብና ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል። ዓለም ጤና ያለችው አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ከአዳማ በጠዋት ተነስታ፣ ሞጆን እንዳለፉ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

አክስቷ መሪማ በህልሟ ታያታለች። «ትናንት መጥታ ደህና ነኝ አለችኝ» ብላ በስልክ ስትነግራት፣ እናቷ ዋፊቃ «አልሐምዱሊላህ» ትልና ስልኩን ዘግታ ትንገበገባለች። እሷ ልጇን አንድ ቀን እንኳ አላየቻትም። ስትነቃ ትራሷ በእንባ ርሷል፤ ያየችው ግን ጥርግ ብሎ ጠፍቷል።

ለጎረቤቷ ለሲስተር አሰለፈች ነገረቻቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው።

«ሳታዪ ቀርተሽ አይደለም» አሏት። «ደወሉ ያስደነግጥሻል፣ ብድግ ትያለሽ፣ ያኔ ይበናል። ስትነቂ አትንቀሳቀሺ፤ ዓይንሽንም አትግለጪ። መጨረሻ ላይ የቀረሽን ያዥና ወደ ኋላ ሂጂ። አንድ ቃልም ቢሆን ጻፊው።»

ዋፊቃ የስልኳን ደወል አጠፋች፤ ደብተርና ብዕር ከራስጌዋ አኖረች። ባሏ ካሚል ለሱብሂ ሶላት ሲነሳ ትከሻዋን ብቻ ነካ እንዲያደርጋት ለመነችው።

«ቢቀርብሽስ?» አላት።

አልሰማችውም።

በመጀመሪያው ሳምንት የጻፈችው «ሰማያዊ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ቀጥሎ «ሱቅ፣ ሰው በዝቷል»። በአምስተኛው ሳምንት ግን ህልሙ ሙሉውን መጣላት። ሱቋ ውስጥ ለደንበኛ ሰማያዊ ጨርቅ እየለካች ነው። ሉብና ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ኡሚ» አለቻት።

«ቆይ።»

«ኡሚ።»

«ቆይ አልኩሽ እኮ።»

ቀና ስትል በሩ ላይ ማንም የለም።

አደጋው በደረሰበት ጠዋትም የሆነው ይኸው ነበር። ልጅቷ ልትሰናበታት ሱቅ ድረስ መጥታ፣ መኪናው እንዳያመልጣት ሄዳለች። ዋፊቃ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሁን ለካሚል ነገረችው።

ካሚል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«በእንቅልፍሽ ታወሪያለሽ። ቆይ፣ ቆይ ትያለሽ፤ ከቀበርናት ጀምሮ። ጠዋት ምንም ስለማታስታውሺ አላህ አዘነላት ብዬ ዝም አልኩ።»

ዋፊቃ ደብተሩን ከራስጌዋ አነሳች።

«እንግዲህ ደብተሩን ተይው» አላት።

«ድምጿን የምሰማው እዚያ ብቻ ነው።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ካሚል ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ጽፋ እስክትጨርስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ምን እንዳየች አልጠየቃትም። ከዚያ ሁለቱም ከሶላት በፊት ሊታጠቡ፣ ለውዱእ ተነሱ።