ሞጋው የበላች ላም

ዝናብ ሳይመጣ ቀድሞ የሚለመልመው መርዛሙ የሞጋው ተክል ነው። የጎረቤቴ የራ ኬሌቦንዬ አንድ የቀረችው ላም እሱን በልታ ተገኘች።

«አባዬ፣ ሆዷ ሙሉ ነው፣ ትተነፍሳለችም» አለችው የእንስሳት ሐኪም የሆነችው ልጁ ኦናሌና። «ግን በሥጋዋ ውስጥ ምግቡን ወደ ጉልበት የሚለውጠውን ዑደት መርዙ መሃል ላይ አቁሞታል። የቀራት ጉልበት ለልቧ ብቻ ነው። ከተራመደች አለቀላት።»

ለሚስቱ ይዞ የማያውቀውን ጃንጥላ ለላሟ ይዞላት ዋለ።

«ወንበርም አምጣላት እንጂ!» አልኩት።

«ዝም በል፣ ታስደነግጣታለህ!»

ሁሉን አስቦ፣ የውሃ ጉድጓዱን ሞተር እንዳያስነሱ መንገር ረሳ። አመሻሽ ላይ ሞተሩ ሲንደቀደቅ ላሟ እንደ ልማዷ ውሃ ልትጠጣ ወደ ገንዳው አመራች። ቀንዷን ይዘን ብንታገላትም ገንዳው ጋ ሳትደርስ ወደቀች።

ራ ኬሌቦንዬ ጃንጥላውን ከላይዋ አላነሳም።