የግራ መደርደሪያ አይጦች

«ለተከበራችሁ የግራ መደርደሪያ ነዋሪዎች! ከዛሬ ጀምሮ ማግኒዥየም ከማዕዳችሁ የተነሳ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። የቀኝ መደርደሪያ ነዋሪዎች እንደ ወትሮው ይመገባሉ።»

ይህን የአይጥ ቤቱ በር ላይ የለጠፈው ብሩክ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ በሥነ ምግብ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጭን አንድ ሐሙስ የቀረው ተማሪ። ማግኒዥየም የሚባለውን ማዕድን ያጣ አይጥ ጆሮው ይቀላል፤ ድንገት ሲያጨበጭቡበት ደግሞ ተንፈራግጦ ይወድቃል። ዓርብ የጥናቱ አማካሪ መጥተው ሲያጨበጭቡ የግራዎቹ ካልወደቁ፣ የሚወድቀው ብሩክ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ሰመረ። ብሩክ በገባ በወጣ ቁጥር ያጨበጭባል፤ አይጥ ይንፈራገጣል፤ እሱ ይስቃል።

«ኧረ ተው አንተ ልጅ! ነፍስ እኮ ናቸው» ይሉታል የአይጦቹ ጠባቂ ጋሽ ገድሉ፣ ከዘጌ ካህናት ቤት የወጡ ሽማግሌ።

«ምን ያስጨንቅዎታል? ፍትሐቱን እርስዎ ያደርሱላቸዋል!»

ማክሰኞ ቢያጨበጭብ ማን ሰምቶት! መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ። አንዷ እንዲያውም ፊቷን አብሳ ተኛች። ብሩክ ውሃቸውን ቀመሰ። ድንጋይ ድንጋይ ይላል።

«ምንድን ነው ያጠጧቸው?»

«ጠበል። ዘጌ ተሻግሬ ቀዳሁላቸው። አሳዘኑኝ።»

«ማዕድን የሞላው የምንጭ ውሃ! እኔስ አላሳዝንም?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጡረታዎ ደርሷል አይደል? ለአለቃ ብናገር ያባርሩዎታል። ካልሆነ የግራዎቹን በእጅዎ አንገታቸውን ይጠምዝዙ። በእጦት አለቁ እላለሁ፤ የቀኞቹ በሕይወት አሉ፤ ከዚህ የበለጠ ውጤት የለም።»

«እግርህ ላይ ልውደቅ፣ ልጄ።»

«ምሳ በልቼ እመለሳለሁ።»

ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ አዘዘ፤ አከርካሪውን በሁለት ጣቱ መዞ፣ እስከ ጭንቅላቱ ልሶ ተመለሰ።

የግራዎቹ ጋዜጣ ላይ በተርታ ተጋድመዋል፣ ጭራቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን። ብሩክ ከደስታው ብዛት አጨበጨበ። ከቀኝ መደርደሪያም ኮሽ ያለ የለም። ዞሮ አየ። የቀኞቹም ሌላ ጋዜጣ ላይ፣ በዚያው ሥርዓት ተጋድመዋል።

«እነዚህን ማን ይግደሉ አለዎት? ጤነኞቹን እኮ ነው! አሁን ምን ይዤ ነው የምቀርበው? ጋሽ ገድሉ፣ ለምን?»

ሽማግሌው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ነጠላቸውን አጣፉ። የአይጥ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ለምን እንደሆነ አልናገርም።»