አምስት ዓመት ሲደመር

ተማሪዎቼ ነጎድጓድ ይሉኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ይበሉ! ሃያ ዓመት ሙሉ ዘጠነኛ ክፍልን ሒሳብ ያስተማረ ሰው ካልጮኸ ያብዳል። ይህን ግን ሳልጮህ ነው የማወራው፤ ጥፋቱ የመጣው ከጩኸቴ ነውና።

ተለዋዋጭና ቋሚ የሚባለውን ትምህርት ስጀምር ሁልጊዜ የምሰጠው የቤት ሥራ አለ። በቤታችሁ ያለውን ሰው ዕድሜ በአንድ ዓምድ ጻፉ፣ ከጎኑ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት እንደሚሆን። ዕድሜው ከሰው ሰው ይለያያል፣ የሚደመረው አምስት ግን ለሁሉም ያው ነው። ይቺን ይቺንማ ድንጋይም ይሠራታል።

አንድ ዓመት፣ ከኋላ መጨረሻው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ ሁሉም ጭምቷ የሚላት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ደብተሯን ስገልጥ፣ እናቷ 38፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 43። እሷ ራሷ 15፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 20። አያቷ 71፣ ከአምስት ዓመት በኋላም 71።

"ምነው፣ አያትሽን ፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ የምታስቀምጧቸው?" አልኳት በተማሪው ፊት። ክፍሉ በሙሉ አውካካ።

"ለእሷ አይደመርም፣ ቲቸር" አለች ቀስ ብላ።

"ለምን አይደመርም?"

"እንጃ። ልጽፈው እሞክራለሁ፣ እምቢ ይለኛል።"

በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌ መለስኩላት። በአሥረኛው ቀን ከትምህርት ቀረች። የክፍል ኃላፊያቸውን ብጠይቀው "አያቷ ሞቱ" አለኝ። ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል፣ ሰው ይሞታል፣ ብዬ አለፍኩት።

ቀጥሎ የግቢውን ሠራተኞች ዕድሜ ጠይቃችሁ ሥሩ አልኳቸው። ዘበኛችን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ያረፈደ ተማሪ ሲለምነው ተቆጥቶ ተቆጥቶ መጨረሻ ላይ እየሳቀ የሚያስገባ፣ በሽታ የሚባል አጠገቡ ያልደረሰ ሰው። ጭምቷ 34 ብላ፣ ከጎኑም 34 ብላ ጻፈችለት። በዚያው ሳምንት ዓርብ የበሩን አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጣና ኤሌክትሪክ ይዞ ገደለው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁላችን እያየን።

ያኔ ፈራሁ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ምን ብዬ? ሒሳቡ አዞራት ይበሉኝ? ፍርሃቴ ከንቱ መሆኑን ለራሴ ላሳይ ብዬ፣ አርፌ በመቀመጥ ፋንታ፣ የገዛ ቤቴን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። እኔ 44፣ ባለቤቴ 50፣ ልጄ 13። "አራተኛ ራሳችሁን ጨምሩና ከአምስት ዓመት በኋላ የአራታችንን ድምር ስጡኝ" አልኳቸው።

ደብተሮቹን አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ አረምኩ። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ሁሉ 142 መጥቶለታል፤ አሥራ አራት የሆነው 141። የጭምቷ 137 ነው። አምስት ጎደለ። ከየት እንደጎደለ ለማየት ዓይኔን ወደ ላይ ማንሳት ፈራሁ። እኔ 49። ባለቤቴ 55። እሷ 20። ልጄ 13።

አስጠራኋትና በሩን ዘጋሁት።

"ደምሪላት!" አልኳት።

"ቲቸር…"

"አምስት ነው! ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ደምሪላት!"

እስክሪብቶዋን አነሳች። አንድን ጻፈች፤ ስምንትን ልታስከትል ስትል እጇ ሄዶ ሦስት ጻፈ። ሰርዛ እንደገና ሞከረች። ሦስት። ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ሦስት። እንባዋ ደብተሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"እናቴን፣ ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም! የምደምርላት የለኝም። ከየት ላምጣ?"

"ከየትም አምጪ!" ብዬ ጮህኩባት። "ከፈለግሽበት አምጪ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!"

የሰው ልጅ ናት፣ እሷም እናት አላት፣ ብዬ አላሰብኩም። ለምን እዋሻለሁ፣ አላሰብኩም። ደብተሯን አቅፋ ወጣች።

በማግስቱ ልጄ በትኩሳት ነደደች። ሐኪሞቹ ደም ወሰዱ፣ ራጅ አነሱ፣ ግሉኮስ ሰቀሉ፤ ምንም አላገኙም። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗን አልገለጠችም። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል፤ እኔ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት እላለሁ። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ልጄ ዓይኗን ገለጠችና "እማ፣ ራበኝ" አለች። ግንባሯን ብነካው በርዷል። ነርሷን አቅፌ ጉንጯን እስኪቀላ ሳምኳት።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። መጨረሻ ዴስክ ላይ ማንም አልነበረም።

"አልሰማሽም እንዴ?" አለኝ የክፍል ኃላፊያቸው። "ሐሙስ ዕለት፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። ዴስኩ ላይ ድፍት ብላ… እኛማ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎን።"

እናቷ ዘንድ ሄድኩ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"የእርስዎ የቤት ሥራ ነው መሰለኝ፣ ቲቸር። ከእጇ አስለቅቀን ነው የወሰድነው" አለችኝ። "ልጄ የታዘዘችውን ሳትጨርስ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለመጡልን።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መንገድ ላይ ቆሜ ገለጥኩት። እኔ 49። ባለቤቴ 55። ልጄ 18። እሷ፣ 15። ድምር፣ 137።

ድምሩ ቋሚ ከሆነ አንዱ የሚጨምረው ሌላው ሲቀንስ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ይኸው አምስት ዓመት ሆነ። ዛሬ ልጄ አሥራ ስምንት ሞላት። ወጥ ቤት ምሳ እየሠራች አባቷን "አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርት መላጥ እንኳ ያቅትህ?" እያለች ታበሽቀዋለች። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ደብተሩን ከቁም ሣጥን አወጣሁት። ጭምቷ የሰጠቻት አምስት ነው፤ አምስቱ ደግሞ ዛሬ አለቀ።

በቀይ እስክሪብቶ ከጎኑ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ። ከሌላ አምስት ዓመት በኋላ። እኔ 54። ባለቤቴ 60። ልጄ ጋ ስደርስ ሃያ ሦስት ልጽፍ ብዬ 18 ጻፍኩ። ሰረዝኩት። እንደገና 18። እጄ የእኔ እጅ አልነበረም። ያቺ ልጅ እያለቀሰች እውነቷን ነበር የምትነግረኝ።

ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ የራሴን 54 ሰረዝኩና 49 አደረግኩት። ወደ ልጄ ረድፍ ስወርድ ሃያ ሦስቱ ምንም ሳያስቸግረኝ ተጻፈ።

የሦስታችንን ደመርኩ፤ 132። በፊት ከነበረው አንድም አልጨመረም፣ አንድም አልጎደለም። ራይት አደረግኩበት። ከዚያ ጭምቷ በመጨረሻ ወደ ጻፈችው ገጽ ተመለስኩና ለእሷም ራይት አደረግኩላት፤ በሕይወት እያለች አንድም ቀን አድርጌላት አላውቅም ነበር።

"እማ! ምሳ ቀርቧል! አባባ ሊጨርስብሽ ነው!" አለች ልጄ ከዚያ ማዶ።

"መጣሁ፣ የእኔ እናት" አልኳት፣ ሳልጮህ። ደብተሩን ቦታው መለስኩና ወጣሁ።