ሩዙን ደብቁ

ላቲር ንጎም ገና ታንኳዋ ላይ እግሩን ሳያሳርፍ አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው ቦታቸውን ለቀቁለት። እሳቸው ሰባን ያለፉ፣ እሱ ገና ስልሳ ሁለት! «ተቀመጥ ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት፣ ያንን እስኪያንገፈግፈው ያየውን የሐዘን ፊት አድርገው። ላቲር በሆዱ «የሞተችው ሚስቴ ናት እንጂ እግሬ አልተቆረጠ» አለና ተቀመጠ። ምን ያድርግ? እንቢ ቢል ደግሞ «ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ» ሊባል ነው።

ሚስቱ ተኒንግ ከሞተች አሥር ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ከላቲር ጋር የሚያወራ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዳቦ ሻጩ ዝቅ ያደርጋል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በመላጣው ሲቀልድበት የኖረው ፀጉር አስተካካይ እንኳ አሁን የላቲርን ራስ እንደ እንቁላል ይዞ፣ ትንፍሽ ሳይል ጨርሶ ይሸኘዋል። ልጆቹ ከዳካር ሲደውሉ «አባባ፣ በላህ?» ነው፤ ሌላ ወሬ የለም። አቤት መሰልቸት! ሰው በሐዘን ብቻ ነው እንዴ የሚሞተው? በአዛኝ ብዛትም ይሞታል እኮ።

ስለዚህ ላቲር ዛሬ ወደ ደሴቲቱ የሚሻገረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦኒፋስ እንዲሰድበው።

ቦኒፋስ ዲያታ የዝናቡ ወራት ባለፈ ቁጥር ደሴቲቱ ዳርቻ አሸዋው ላይ በዘንባባ ዝንጣፊ መጠጥ ቤት ይቀልሳል፤ ዝናብ ሊገባ ሲል ደግሞ አፍርሶት ወደ ሩዝ ማሳው ይመለሳል። እሱ ዲዮላ ነው፤ ላቲር ደግሞ ሴሬር። ሁለቱ ሕዝቦች ከቅድመ አያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ሲገናኙ መሰዳደብ ግዴታቸው ነው፤ የተቆጣ ሰው ማፈሪያ ይሆናል። ሠርግ ላይ ይሰዳደባሉ። ቀብር ላይማ አይጣል ነው! የቀልድ ዘመድ መጥቶ የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሞ፣ ሟቹን ከነዘር ማንዘሩ ሰድቦ፣ «ሩዜን ካልሰጣችሁኝ አልነሳም!» ብሎ ለቀስተኛውን ካላሳቀ ቀብሩ ቀብር አይባልም።

ታዲያ ቦኒፋስ ለተኒንግ ቀብር አልመጣም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ መጠጥ ቤቱ በቆመ ቁጥር፣ በየእሁዱ ባልና ሚስቱ እየተሻገሩ ሲሳደቡት፣ ሲሰድባቸው፣ ሲበሉ ሲጠጡ ኖረው፣ አልመጣም። ይህ ነገር ከላቲር አንጀት አልወጣም። ቢሆንም ሊተወው ቆርጧል፤ ለአንዲት ደህና ስድብ ሲል ይቅር ሊለው ነው። ነገ መጠጥ ቤቱ ይፈርሳል፤ ዛሬ ካልሆነ አምስት ወር ዝናብ፣ አምስት ወር ባዶ ቤት፣ አምስት ወር «አይዞህ» ነው የሚጠብቀው። ያንን እንደማይችለው ያውቃል።

ታንኳዋ ዳር ስትቃረብ ላቲር ቀና ብሎ ተዘጋጀ። ልማዱ የታወቀ ነው። ቦኒፋስ ውሃው ዳር ቆሞ፣ እጁን አፉ ላይ ጥቅልል አድርጎ «ሩዙን ደብቁ! ሁለቱ ሆዳሞች መጡ!» ብሎ ይጮሃል፤ ተኒንግ ደግሞ ከታንኳው ሳትወርድ የእናቱን ድስት ከአፉ እስከ ቂጡ ትሰድብበታለች። ላቲርም ለዛሬ የሚሆን መልስ መንገዱን ሁሉ ሲያሾል ነው የመጣው።

ቦኒፋስ መጣ። እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሽ ላቲር። ቀስ ይበሉ፣ ያዳልጣል።»

ላቲር ዞር ብሎ ኋላው የቆመ ትልቅ ሰው ይኖር እንደሆነ አየ። ማንም የለም። ጋሽ ላቲር? ይበሉ? ይኼ ሰው ባለፈው ዓመት «አንተ የአዞ ፊት» ሲለው የነበረው ቦኒፋስ ነው?

የጣሪያው እኩሌታ ተነስቷል፤ ዝንጣፊው አሸዋው ላይ ተከምሯል። የመሃሉም ምሰሶ ተነቅሎ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ላቲር እንደ ልማዱ ወደዚያች አንድ እግሯ በገመድ ወደታሰረች ወንበር አመራ። ለአሥራ አምስት ዓመት «ለሴሬር ይቺ ትበዛበታለች» እየተባለ የተቀመጠባት የራሱ ወንበር ናት። ቦኒፋስ ግን ሮጦ ባለመደገፊያውን አመጣ፤ ይባስ ብሎ ትራስ ጣለበት!

ላቲር ጀመረ። ሌላ ምን ምርጫ አለው?

«አንተ ሎሌ! ይኼ ጣሪያ ነው ወይስ የዶሮ ጎጆ? ዲዮላ ጣሪያ ሲሠራ ፍየልም ትስቅበታለች!»

ቦኒፋስ አንገቱን ደፋ። «እውነትዎን ነው። ዘንድሮ ነፋሱ አስቸግሮናል።»

«ሩዝ አምጣ፣ ሰርቀህ ካልጨረስከው!»

«እሺ። ዓሣው የተጠበሰ ይሁንልዎ ወይስ ቀለል ያለ ቅቅል?»

ቅቅል! አጠገባቸው የዘንባባ ጠጅ የሚጠጡ ከዚጋንሾር ከተማ የመጡ ሦስት ወጣቶች ጨዋታውን ሊሰሙ ጆሯቸውን አቁመው ነበር፤ ጨዋታ እንደሌለ ሲያዩ አፍረው ወደ ብርጭቋቸው ተመለሱ። ላቲር የቦኒፋስን አፍንጫ ሰደበ፤ ጉልበቱን ሰደበ፤ አያቱ በማንኪያ ፈንታ በአካፋ ይበሉ እንደነበር ተናገረ። መልሱ «ይሁን ጋሽዬ» ብቻ ሆነ። ዓሣው ሲመጣ ደግሞ ተፈልቅቆ፣ ለስልሶ፣ እንደ ሕፃን ምግብ ሆኖ መጣ።

«እሾኹን አውጥቼልዎታለሁ» አለ ቦኒፋስ።

«ጥርስ የለኝም ተባልክ?!» ላቲር ሳህኑን ገፍቶ ተነሳ። ይኼስ አልተቻለም! ገንዘቡን ከፍሎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ያንኑ የዳቦ ሻጩን ፊት ሊያይ ነው እንዴ የመጣው?

ጓዳው ከኋላ ነው። የቦኒፋስ ሚስት ክሌማንስ ማንግሮቭ ከሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ሥር የተለቀመ ዛጎል እሳት ላይ እያፈነዳች ትፈለቅቃለች።

«ባልሽ ታሟል?» አላት።

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንደ ቄስ የሚያናግረኝ? እኔ የሰው ፊት ሰልችቶኝ ወደሱ ብመጣ እሱ ይብስ? ለቀብሯ መቅረቱ አይበቃውም?»

ክሌማንስ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «መጥቷል እኮ።»

«የት?»

«ቀብሩ ላይ ነዋ! በዚያ ዝናብ ሁለት ታንኳ ቀይሮ፣ የቀረውን በእግሩ። ‹ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ እንዲህ እላታለሁ፣ እንዲህ እላታለሁ› እያለ ሲለማመድ ነው ከቤት የወጣው። በራችሁ ደረሰ። የተኒንግ ቢጫ ነጠላ ጫማ በር ላይ ነበር አለኝ። ስድቡን ሊጀምር አፉን ሲከፍት ለቅሶ መጣበት። የቀልድ ዘመድ፣ እንደ ማንም ሰው፣ ስቅስቅ ብሎ! ሰው ሳያየው ከአጥሩ ኋላ ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ‹ወጉን አበላሽቻለሁ፣ ያንን ሰው የመስደብ መብት የለኝም› ይላል። በጋውን ሙሉ እሁድ እሁድ ታንኳ በመጣ ቁጥር እዚህ ጓዳ እየገባ ይደበቅ ነበር። አንተም አልመጣህ።»

ላቲር ተናደደ። በማን እንደሆነ ግን አላወቀም፤ በቦኒፋስ፣ በዝናቡ፣ በራሱ፣ ያንን ነጠላ ጫማ እስከ ዛሬ ከበሩ ባለማንሳቱ። ባለታንኳው ከዳር «ልንነሳ ነው! የሚሳፈር!» ሲል ሰማ።

ከጓዳ እየተጣደፈ ወጣ።

«ቦኒፋስ! ና ወዲህ!»

ቦኒፋስ እጁን በፎጣ እየጠረገ መጣ። ላቲር ምሰሶው የተነቀለበትን ጉድጓድ በጣቱ አሳየው።

«ተጋደም።»

«ምን አሉኝ?»

«ተጋደም ነው የምልህ! ሥራህን መቼ ጨረስክና? ሚስቴ ባንተ ስንፍና አሥር ወር ሙሉ ስድብ አጥታ ተኝታለች። እኔ ልስደባት እንዴ? የኔ ሥራ ማልቀስ ነበር፤ እሱንም ቀማኸኝ! ይኸው ጉድጓድ። ተጋደምና ተናገራት!»

ወጣቶቹ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ጉድጓዱ ለዶሮም አይበቃ፤ ቦኒፋስ ደግሞ የበሬ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ጥቂት ቆመ። ከዚያ በጉልበቱ ወረደ፤ ከዚያ በደረቱ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ፊቱን ከጉድጓዱ አፍ አስጠጋ።

«ተኒንግ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ሆዳም።»

ላቲር ወደ ጉድጓዱ ጠጋ አለ።

«አንቺ ሆዳም የሴሬር ልጅ! በሽታ ገደለኝ ብለሽ ሰውን አታታይ። የሞትሽው ይኼ አዞ ሲያንኮራፋ መስማት ሰልችቶሽ ነው!» ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ግን አላቆመም። «ምነው እዚያስ ብታርፊ? የመላእክቱን ድስት ጠርገሽ ጨርሰሻል አሉ። ቅዱስ ጴጥሮስ በር ላይ ቆሞ ‹ሩዙን ደብቁ! ሩዙን ደብቁ!› እያለ ሲጮህ እዚህ ድረስ ይሰማል! ሩዜን አምጪ፣ አልነሳም!»

ከላቲር ጉሮሮ አንድ ነገር ወጣ። ሳል መሰለው። ከዚያ ሆዱን ይዞ እጥፍ አለ፤ ሳቅ ነበር። አሥር ወር የት ተቀምጦ እንደነበር እንጃ፣ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ፣ ምሰሶ እስኪደገፍ ሳቀ። ወጣቶቹም ሳቁ። ቦኒፋስ ግን አሸዋው ላይ እንደተዘረጋ ያለቅስ ነበር።

«እኔ አላንኮራፋም!» አለ ላቲር ትንፋሹ ሲመለስ።

ቦኒፋስ ቀና አለ፤ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ጢሙ አሸዋ ብቻ። «ታንኮራፋለህ! የታንኳ ሞተር መስሎን ዳር ድረስ ወጥተን ነው የምንጠብቀው!»

ክሌማንስ ከጓዳ በር ላይ ሆና ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ያንን የተፈለቀቀ ዓሣ አንስታ ከነእሾኹ የተጠበሰ ሌላ ዓሣ በቅጠል ጠቀለለችለት፤ ባለታንኳው እየተሳደበ ላቲርን ጠበቀው።

ላቲር ታንኳው ላይ ሲወጣ እኚያው አሮጊት እንደገና ብድግ አሉ። «ተቀመጥ ልጄ።»

«እማማ፣ እንዳይነሱለት!» ቦኒፋስ ከዳር ጮኸ። «በሬ ያህላል፣ አይታይዎትም? ይቁም!» ታንኳዋ ተነቀለች፤ እሱም እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ተከትሎ ገባ፤ እጁን አፉ ላይ ጥቅልል አደረገ። «አንተ አዞ! ዝናቡ ሲያባራ ትመጣለህ፣ አውቅሃለሁ! ሩዙን ከሁለታችሁም ነው የምደብቀው! ሰማህ? ከሁለታችሁም!»

ላቲር ጠዋት ሲያሾለው የመጣውን መልስ ሊወረውር አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። እጁን ብቻ አወዛወዘ። አሮጊቷ ቦታቸው ላይ ተመለሱ፤ እሱም እስከ ማዶ ቆሞ ሄደ።