ለአጭር ሰው የተሠራ ደረጃ

እናቴ ቁመቷ ትንሽ፣ እልኳ ትልቅ ነው። የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ የሠራው አባቷ እንደሆነ ስትናገር አረጀች፤ የሚሰማት ግን አልነበረም። ሕንፃው ታድሶ የሠሪዎቹ ስም በእብነ በረድ ሊቀረጽ ነው ሲባል ደግሞ እንቅልፍ አጣች። ከግንበኛው እስከ ቀለም ቀቢው ለሁሉም ስም ተገኝቶለታል፤ ዝርዝሩ አናጢው ጋ ሲደርስ ግን «ያልታወቀ» ነው የሚለው። ደሜ ፈላ።

መዝገብ ቤት ገብቼ አቧራ ስቅም ሰነበትኩ። ያገኘሁት የያኔው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የጻፈውን አንድ የአቤቱታ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ የደረጃው መደገፊያ ዝቅ ብሏል፣ አናጢው ከፍ አድርግ ቢባል አሻፈረኝ አለ ይላል። እምቢታውን ጽፎ ስሙን መጻፍ ከበደው!

አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ራሱ ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ምላሱም አያርፍ።

«አባባ ነው ደረጃ የሚሠራው? ተይ እባክሽ! በር እንኳ በቅጡ አልሠራም» አለኝ ግንባሩን እያሻሸ። «ሰውየው አጭር፣ ሜትር የሚባል ነገር አይወድ። ወገቡ ድረስ የምትደርስ ዱላ ቆርጦ ጠረጴዛውንም አጥሩንም በሷ ይለካል። የዚህን ቤት በርማ ሁለት ዱላ አድርጎት፣ ይኸው ዕድሜ ልኬን ግንባሬ እንዳበጠ አለ።»

ዝቅ ያለው የደረጃው መደገፊያ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ ዱላዋስ የት አለች?»

«የዶሮ ቤቱን በር የደገፈችው ምን መሰለችሽ?»

ዶሮዎቹ እንደፈለጉ ይሁኑ ብዬ መንጭቄ ወሰድኳት።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ያለ ወረቀት የገዛ እናቷን የማታምን ሴት ናት። ደብዳቤውን አነበበች፤ ዱላዋን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ዱላ ማስረጃ አይሆንም፣ እህቴ።»

«እሺ፣ ራስዎ ይለኩ» አልኳት።

የመጀመሪያው እርከን ላይ አቆመቻት፤ ጫፏ ከመደገፊያው ጋር እኩል መጣ። «አጋጣሚ ይሆናል» አለች። ሁለተኛው ላይም ያው ነው። ከዚያ ወዲያ እየለካች ወጣች፤ እስከ ላይ ድረስ ቅንጣት አልተዛነፈም። ከላይ ሆና ቁልቁል አየችኝ።

«የአያትዎን ሙሉ ስም ይጻፉልኝ።»

እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እልልታዬን አቀለጥኩት። አንባቢው ሁሉ ቀና አለ። ደስታዬ የሚያዝ አልነበረም!

እብነ በረዱ በተገለጠ ቀን አጎቴ የአባቱን ስም በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ። ከዚያ መደገፊያውን ሊይዝ ጎንበስ ሲል ወገቡ ቋ አለ። «አሁን ደግሞ በወገቤ መጣ» አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ያለ እኔ ክንድ ደረጃ ወጥታ አታውቅም። እንደ ልማዴ ብብቷ ሥር ገባሁ። እሷ ግን እጇን መደገፊያው ላይ አሳረፈች፤ ልክ ለሷ የተሠራ ነበር።

«ልቀቂኝ» አለችኝ። «አባቴ ይዞኛል።»