የወገብ ልክ

ሰፈሩ የሚያውቀው «ሜትሮ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ሲተኛም አይፈታውም እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አንድ ኩራት ነበረው፤ ቀበቶ አይታጠቅም። ቀበቶ ማለት ሰፊው ለመሳሳቱ ምስክር ነው ባይ ነው። ደንበኛ ሱሪ ሲለካ ሁለት ጣቱን በሱሪው ወገብ ውስጥ ሰደድ ያደርጋል። ሁለቱ ያለ ትግል ገብተው ሦስተኛው እምቢ ካለ «ያዘ» ይላል፤ በቃ፣ ሱሪው አለቀ ማለት ነው።

ልጁ አብራው ትሠራለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱም ሱቁም የሁለቱ ብቻ ነው። እሱ ይለካል፣ ቁጥሩን ይጠራል፤ እሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች። በዚያ ሱቅ አንዴ የተጠራ ቁጥር ሁለተኛ አይጠየቅም። ሰው ራሱን ለክቶ ልኩን አያገኝም ብሎ ስለሚያምን የእሱን ወገብ የምትለካው እሷ ነበረች።

ጨጓራው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳቸው። መጀመሪያ አራት ዙር ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፤ ጨጓራው እንዳለ ይወጣል።

«ያለ ጨጓራ ይኖራል እንዴ?» አለ ሜትሮ።

ይኖራል አሉት።

«እንግዲያው ውሰዱት። እኔና እሱ ከድሮም አልተስማማንም።»

ነርሷ ሳቀች። ልጅቱ አልሳቀችም።

የመጀመሪያው ዙር አራት ቀን ሙሉ አስታወከው። በአምስተኛው ቀን ተነስቶ ግራጫውን ሱሪ ሲለብስ ሱሪው ዳሌው ላይ ወርዶ ቆመ። በአንድ እጁ እንደያዘው ሱቅ ድረስ መጣና ዱካው ላይ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ መቀስ አላነሳም። ምሳ ብታቀርብለት በመዳፉ ገፋው። «ልጄ፣ እኔ እኮ አልቄያለሁ» አላት፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚነግራት ሁሉ። እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። አንጀቷን በላት።

ማታ እቤት ጋደም እንዳለ ሱሪውን ወሰደችው። የኋላውን ስፌት ተረተረች፤ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ወደ ውስጥ አስገባች፤ በዚያው ቀለም ክር ሰፍታ፣ እንፋሎት ሰጥታ ተኮሰችው። በማግስቱ ለበሰው። ሁለት ጣቱን ሰደደ፣ ትንሽ ቆየ። «ያዘ» አለ። በዚያን ቀን አንድ ሳህን ሾርባ ጨረሰ፤ የአንድ ደንበኛ ኮትም ቆረጠ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ እንጃ። እኔም ሳላደርገው አልቀርም።

ክፋቱ ለምዳው ቀረች። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሦስቱንም ሱሪዎቹን ታጠብባለች። ድሮ ቢሆን ኖሮ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ብቻ የክር ቋጠሮ የሚያገኝ ሰው ነው፤ የእሷን ስፌት በሩቁ ይይዘው ነበር። ኬሞው ግን የጣቶቹን ጫፍ አደነዘዘው። መርፌ ከእጁ ይወድቃል፤ ቁልፍ ይዞ መያዙን አያውቅም። ልጅቱ ይህን ታውቃለች። በአባቷ ድንዛዜ እየተጠቀመች መሆኗን ለራሷ አልደበቀችም፤ እያፈረችም ትሰፋ ነበር።

አንድ ቀን የሱቁ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ብዙ አየ።

«እስቲ ለኪኝ» አላት።

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዳ ወገቡን ዞረች። ሰባ ሰባት።

«ሰማንያ ስምንት» ብላ የድሮውን ልኩን ጠራች።

«ሰማንያ ስምንት» አለ፣ እፎይ ብሎ። «ፊቴ ነው የከሳው። ፊት ደግሞ ምን ያውቃል።»

አራተኛው ዙር አልቆ ሐኪሙ ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሙ ካርዱን አገላብጦ ፊቱን አከበደ። «አሥራ አራት ኪሎ ቀንሰዋል። በዚህ አቅም ቢላ ማንሳት ያስፈራኛል። ጨጓራውን አውጥተን አንጀቱን ከጉሮሮ ቧንቧው ጋር ነው የምንሰፋው፤ ሰውነት ካልጠነከረ የተሰፋው አይይዝም። ለሦስት ሳምንት በአፍንጫ በምትገባ ቀጭን ቱቦ እንመግብዎት፤ ከዚያ እንሠራለን።»

ሜትሮ ብድግ አለ። ኮቱን ገልጦ ሁለት ጣቱን ሱሪው ውስጥ ከተተ። «ይኸው፣ ዶክተር። ሱሪው የአምና ነው፤ እኔም የአምናው ነኝ። ሚዛናችሁን አስጠግኑት።»

«ሚዛኑ ደህና ነው፣ አባት።»

«አፍ እያለኝ በአፍንጫዬ አልበላም። ሰማንያ ስምንት ነኝ፤ ልጄ ናት የለካችኝ።»

ሐኪሙ ወደ ልጅቱ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እውነቱ ከአፏ ደርሶ ነበር። ግን አባቷን አየችው፤ ጣቶቹን ከሱሪው ሳያወጣ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ምስክርነቷን ይጠብቃል። በሰው ፊት እንዴት ታፍርሰው?

«እቤት... እናነጋግረዋለን» አለች።

ሐኪሙ ታካሚው ቱቦውን አለመፈለጉን ጻፈና አስፈረመው።

እቤት! ማን ሊያነጋግረው? አክስቷ፣ የሜትሮ ታላቅ እህት፣ የቱቦውን ነገር ሰምታ ሁለት ጊዜ መጥታ ጮኸችበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ልጅቱ ዛሬስ እነግረዋለሁ ብላ ትነሳለች፤ እሱ ጣቱን ሰዶ «ያዘ» ይላል፤ እሷም ቃሏን ትውጣለች። ሦስቱ ሳምንት እንዲህ ሄደ። በአራተኛው ውሃ እንኳ አልወርድ አለው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ መጠበቅም ያው መግደል ነው ብሎ ሆስፒታል አስተኛው።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት፣ የሆስፒታሉን ልብስ እንዲቀይር ሰጡት። አልጋው መስኮት አጠገብ ነው። ሱሪውን አውልቆ እንደ ልማዱ ሊያጥፈው ገለበጠው፤ እዚያው ደርቆ ቀረ። ጣቱ ባያውቅም ዓይኑ ያውቃል። የኋላው ስፌት ውስጥ፣ በግራም በቀኝም፣ አንድ መዳፍ የሚሞላ ጨርቅ ተደርቦ ተኝቷል።



«ስንት አስገባሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ» አለ። «ሌሎቹንም?»

«ሌሎቹንም።» እንባዋ አፏ ውስጥ ገባ። «አባዬ፣ የዚያን ቀን አልቄያለሁ ስትለኝ ነው። መብላት ስትተው ነው። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ መናገር ነበረብኝ።»

«ነበረብሽ» አለ።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ጨርቁን እንደገና በዓይኑ መረመረው።

«ለምን አልቆረጥሽውም? ይኼ ሁሉ ትርፍ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ትመለስ ይሆናል ብዬ ነዋ። ስትወፍር እንድለቀው።»

ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና እጇን ያዘ፤ እጇ ለጣቶቹ ይሰማቸው አይሰማቸው እንጃ፣ ብቻ አጥብቆ ያዛት። «ስሚኝ። ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ። ለሐኪምም፣ ለአክስትሽም። በእናትሽ ይሁንብሽ።»

«አባዬ...»

«በእናቴ በይ።»

«በእናቴ።»

ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወሰደው።

ስድስት ሰዓት ፈጀ። ሐኪሙ ወጥቶ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል አላቸው፤ አክስትየው መሬት ሳመች። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። በስድስተኛው ሆዱ ተነፋ፤ ከጎኑ በተተከለው ቱቦ የሚወጣው ፈሳሽ ቀለሙ ተለወጠ። ሐኪሙ ሁለቱን ሴቶች ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ የተሰፋው እንደ ለቀቀ፣ እንደገና ከፍተው ሊሰፉት ቢሞክሩም ሰውነቱ ስፌት የሚይዝበት አቅም እንዳጣ ነገራቸው። «አስቀድሞ ቢመገብ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

አክስትየው ግን አልተወችውም። ሲጨንቃት ቁጣ ነው የሚቀድማት። ቀጥታ ገብታ አልጋው አጠገብ ቆመች። «ለምን? አንድ ቱቦ ለሦስት ሳምንት መቻል አቅቶህ? በእልህ ራስህን ገደልክ እኮ። ይችን ልጅ ለማን ልትተዋት ነው?»

ልጅቱ አፏን ከፈተች። በእናቷ መማሏን ረሳችው፤ ልትናገር ነበር። ሜትሮ ግን ቀደማት። ድምፁ አልቆ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ እሷን አንድ ጊዜ ብቻ አየት አድርጎ ወደ እህቱ ዞረ።

«ግትር ነኝ፣ እታለም። ታውቂኝ የለ።»

«አውቅሃለሁ» ብላ አክስትየው አለቀሰች። «ከልጅነትህ አውቅሃለሁ።»

በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። አርባ ዓመት ያለበሳቸው ሁሉ መጡ። አክስትየው ለገባ ለወጣው ታወራለች፤ ሐኪሙ ለምኖት ነበር፣ እኛም ለምነነው ነበር፣ አልከሳሁም ብሎ ድርቅ አለ ትላለች። ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዱ ሽማግሌ ደንበኛ፣ ደህና ሰው ነበር፣ ምን ያደርጋል፣ ግትርነቱ በላው አለ። ሌላው ተቀበለው። በማግስቱም ያንኑ ሲሉ ዋሉ። አባቷ በሰፈሩ አፍ በእልኸኝነቱ የሞተ ሰው ሆኖ ቀረ፤ ከእንግዲህ ማንም ሌላ ነገር አይልም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ዘግይታ መጣች። ልጅቱን አቅፋት፣ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«እውነት ነው የሚሉት? በገዛ እጁ ነው?»

አክስትየው ከወዲያ ማዶ ቀና ብላ አየቻት። ልጅቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አዎ» አለች። «ግትር ነበር።»